አሮጌ የጌም ኮምፒዩተር ሲታደስ፦ ከመሸጥ በፊት መመርመር

በንግድ ሥራ ሻጭና ገዢ የሚገናኙት ለአንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዛሬ ዕቃውን ወዶ የወሰደ ደንበኛ ነገ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ አዝኖ የሄደ ደግሞ ነገ ዐሥር ሰው ያስቀራል። ይህ እውነት ለእህል ነጋዴም ለጨርቅ ነጋዴም የታወቀ ሲሆን፥ በኮምፒዩተር መለዋወጫ ንግድ ግን ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። ይልቁንም ለጌም የሚያገለግሉ ኮምፒዩተሮች እያረጁ በሄዱበት በአሁኑ ጊዜ፥ የትኛው ክፍል መለወጥ፥ የትኛውስ ባለበት መቅረት እንደሚገባው ሳይመረመር የሚደረገው ሽያጭ በገዢውም፥ በሻጩም፥ በአገሪቱም ሀብት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁኔታው እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ወይም አንድ የጌም ቤት ባለቤት ወደ መደብር ገብቶ «ኮምፒዩተሬ ከብዶብኛል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ፈልጌ ነበር» ይላል። ሻጩም ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር በመደርደሪያው ላይ ካሉት ውድ የሆነውን ያወርድለታል። ገዢው ወስዶ ሲገጥመው አንዳንዱ ኮምፒዩተር ጨርሶ አይነሣም፤ አንዳንዱ ይነሣና ጨዋታው ሲከብድ ድንገት ይጠፋል፤ አንዳንዱም ቢሠራ እንኳ ከቀድሞው ፍጥነቱ እምብዛም አይለይም። ገዢው «ዕቃው ብልሹ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ሻጩ «ዕቃው ደኅና ነው» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው፤ ዕቃውም ደኅና ነው፥ ገዢውም አልዋሸም። የጎደለው ከሽያጩ በፊት ሊደረግ ይገባ የነበረው ምርመራ ነው።

ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር የሚጠይቀው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እነዚህ ክፍሎች ደግሞ ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ያለ ቦታው የተሸጠ አንድ ካርድ ማለት ቡናውንና ሰሊጡን ወደ ውጭ የላከው ነጋዴ ደክሞ ያመጣው ዶላር በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ማቆሙ ነው። ሦስተኛው፥ የኤንቪዲያ ኩባንያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በብዙ ቤት ለሚገኙት ለጂ.ቲ.ኤክስ. 900 እና 1000 ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር በዚያው በጥቅምት ወር ጨርሶ፥ ከዚያ ወዲህ የጥበቃ ማሻሻያ ብቻ እንዲሰጥ መወሰኑ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች የአሮጌ ኮምፒዩተር ባለቤቶች ከምን ጊዜውም በበለጠ ወደ መደብሮች መምጣታቸው የማይቀር ነው። በመጡ ጊዜ የሚጠብቃቸው ምክር ይሁን ወይስ ሽያጭ ብቻ የሚለው የነጋዴው ምርጫ ነው።

ኮምፒዩተር እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ የደከመ ወፍጮ ድንጋዩ ቢለወጥለት ዱቄቱ አይፈጥንም፤ ሞተሩ ቢበረታም እህሉ በቶሎ ካልቀረበለት ባዶውን ይዞራል። በኮምፒዩተርም ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ሂሳብ ይሠራል፤ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ይሥላል፤ ራሙ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ይይዛል፤ ዲስኩ ሁሉንም ያስቀምጣል፤ ፓወር ሰፕላዩ ለሁሉም ኃይል ያድላል። ከእነዚህ አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። እንግዲህ የዕድሳት ጥበብ ውዱን ክፍል መግዛት ሳይሆን ሌሎቹን የሚያስጠብቀው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ይህንንም ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ደንበኛው የሚጫወተውን ጌም ከፍቶ ሳለ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ታስክ ማናጀር መመልከት ይበቃል። ካርዱ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ እየሠራ ፕሮሰሰሩ ዕረፍት ካለው የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ በስድሳና በሰባ በመቶ ላይ ቆሞ ጨዋታው የሚዘገይ ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ የጎደለው ራም ነው። ማረጋገጫ ሲያስፈልግ የምስሉን ሪዞሉሽን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ዝቅ ተደርጎም ፍጥነቱ ካልጨመረ አዲስ ካርድ የማይረዳ መሆኑ በግልጽ ይታወቃል። ይህ ሁሉ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ኬዙ መከፈት አለበት። ለዓመታት ያልተጠረገ ኮምፒዩተር አቧራው ማራገቢያውን አፍኖት፥ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ይገኛል። ፕሮሰሰርም ሆነ ካርድ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ «አረጀ» የተባለው ኮምፒዩተር አንዳንድ ጊዜ ያላረጀ፥ የታፈነ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በብሩሽና በጥቂት ቴርማል ፔስት የዳነ ኮምፒዩተር ለባለ መደብሩ የሚያስገኘው የእጅ ዋጋ ትንሽ ቢሆንም፥ የሚያተርፍለት ስም ግን ትልቅ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተገጠሙ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ወደ አንድ መደብር መጡ እንበል። የአንደኛው ፕሮሰሰር ኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 5 1600፥ ማዘርቦርዱ ቢ 350 ነው። የሁለተኛው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 5 7400፥ ማዘርቦርዱ ቢ 250 ነው። ሁለቱም ባለ 6 ጊጋባይት ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 ካርድ፥ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ዲ.ዲ.አር. 4 ራምና አንድ ሀርድ ዲስክ አላቸው። ሁለቱም ባለቤቶች አቤቱታቸው አንድ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ባለቤት ዕድለኛ ነው። ኤ.ኤም. 4 የተባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ዕድሜው ረጅም ሆኖ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ራይዘን 5 5600 በቢ 350 ማዘርቦርድ ላይ እንዲሠራ ተፈቅዷል። ለዚህም የማዘርቦርዱ ፋብሪካ ያወጣው አዲስ ባዮስ መኖሩን ከዝርዝሩ ማረጋገጥ፥ ቀጥሎም አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ባዮሱን መጫን ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው አዲሱን ፕሮሰሰር ሰክቶ ጥቁር ሞኒተር ሲመለከት ይውላል። ራይዘን 5 1600 ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሲሆን 5600 ግን በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ለውጥ የፍጥነቱም የዊንዶውሱም ችግር ይቃለላል፤ ማዘርቦርዱና ራሙም ባሉበት ይቀራሉ።

ሁለተኛው ባለቤት ግን ሌላ ምክር ያስፈልገዋል። ከእርሱ ፕሮሰሰር በኋላ የወጡት የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የመቀመጫቸው ስም ያው ኤል.ጂ.ኤ. 1151 ቢሆንም፥ በቢ 250 ማዘርቦርድ ላይ አይሠሩም። በዚያ ማዘርቦርድ ላይ ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው ኮር አይ 7 7700 ወይም ወንድሙ 7700 ኬ ነው፤ እነዚህም ቢሆኑ በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለዚህ ሰው ያገለገለ አይ 7 ፈልጎ መሸጥ የሞተ ዛፍ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ለእርሱ የሚጠቅመው ነገ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ ወደዚያ ሊያዛውረው የሚችለውን ዕቃ ብቻ መግዛት ነው።

ከዚህ አንድ ታላቅ ደንብ ይወጣል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉት ክፍሎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚቀሩና ወደሚቀጥለው ኮምፒዩተር የሚሻገሩ። ፕሮሰሰርና ዲ.ዲ.አር. 4 ራም ከማዘርቦርዱ ጋር ይቀራሉ፤ ዲ.ዲ.አር. 4 በዲ.ዲ.አር. 5 መሰኪያ አይገባምና። ኤስ.ኤስ.ዲ.፥ ግራፊክስ ካርድ፥ ደኅና ፓወር ሰፕላይ፥ ኬዝና ሞኒተር ግን ይሻገራሉ። መንገዱ ላልተዘጋበት ኮምፒዩተር ሁለቱንም ዓይነት መግዛት ያዋጣል፤ መንገዱ ለተዘጋበት ግን የሚሻገረውን ብቻ መግዛት ይገባል። ይህን ደንብ ለደንበኛው በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ሻጭ አማካሪ እንጂ ቸርቻሪ ብቻ አይባልም።

የቀሩት ክፍሎች ቅደም ተከተልም እንደዚሁ በምክንያት ሊሆን ይገባዋል። ሀርድ ዲስክ ለያዘ ኮምፒዩተር ሁሉ ቀዳሚው ለውጥ ኤስ.ኤስ.ዲ. ነው። ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፥ በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስ.ኤስ.ዲ. እስከ 550 ያነባል፤ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን በማንበብ ረገድ ደግሞ ብልጫው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው እንደ ስታርፊልድ ያሉ ጌሞች ኤስ.ኤስ.ዲ. የግድ እንደሚያስፈልጋቸው በግልጽ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ሻጩ ከእውነቱ አልፎ እንዳይናገር መጠንቀቅ አለበት፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ በሰከንድ የሚታየውን የምስል ቁጥር እምብዛም አይጨምርም።

ቀጥሎ ራም ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካበት ኮምፒዩተር ሌላ ተመሳሳይ ራም ሲጨመርለት መጠኑ እጥፍ ከመሆኑም በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ መንገዱ ይሰፋል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ መውጣቱ ይታወቃል፤ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ማዋል ስለ መረጡ ነው። በዚህ ጊዜ አንድን ሰው ያለውን ራም አስጥሎ ወደ ዲ.ዲ.አር. 5 ማሻገር ከባድ ወጪ ስለ ሆነ፥ ያለውን በጎደለው መሙላት ይመረጣል።

ካርድ ከመሸጡ በፊት ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ሊታይ ይገባል። ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 የሚፈጀው 120 ዋት ሲሆን፥ ራዲዮን አር.ኤክስ. 6600 እስከ 132፥ አር.ቲ.ኤክስ. 3060 እስከ 170 ዋት ይፈጃሉ። የፊተኛው ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት ጥርስ ሶኬት ሲበቃው ሌሎቹ በአብዛኛው ባለ ስምንት ጥርስ ይፈልጋሉ። ሶኬቱ የሌለውን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በመቀጠያ ሽቦ አታልሎ ማሠራት አንድ ቀን ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በላዩ የተለጠፈው «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ኃይል አለመባከኑን እንጂ የዕቃውን ጥንካሬ የሚመሰክር አይደለም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ላለ ደንበኛ ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ስታቢላይዘር ከትልቅ ካርድ ይልቅ ይጠቅሙታል።

ካርዱ ራሱ ሲመረጥም ስም አያታልል። የ3 ጊጋባይቱ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1060 ከ6 ጊጋባይቱ የሚለየው በማስታወሻው ብቻ አይደለም፤ የሥራ ክፍሎቹም 1280 መሆናቸው ቀርቶ 1152 ናቸው። አር.ኤክስ. 580 2048 ኤስ.ፒ. የተባለውም ስሙ 580 ይሁን እንጂ አቅሙ የ570 ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አር.ኤክስ. 6500 ኤክስ.ቲ. በአራት መስመር ብቻ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚገናኝ፥ ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ 3.0 ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ከፍጥነቱ ብዙ ያጣል፤ ስምንት መስመር ያለው 6600 ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከዚህም በቀር ያረጀ ካርድ ባዮሱ ተለውጦ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ማጭበርበር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የኢቴሪየም ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ገብተዋል። እነዚህ ሁሉ የማይረቡ ናቸው ማለት አይደለም፤ ተፈትነውና ያገለገሉ መሆናቸው ተነግሮ ሊሸጡ ይገባል ማለት ነው።

ሞኒተሩም አይዘንጋ። በሰከንድ 60 ምስል ብቻ በሚያሳይ ሞኒተር ላይ 150 ምስል የሚሥል ካርድ መሸጥ ባለ አንድ ቁና ስልቻ ላለው ሰው ሁለት ቁና እህል እንደ መስፈር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የምስል ጥራት ጉዳይ ብቻ ያልሆነበት ጊዜ መጥቷል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና በግንቦት 2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ የብርሃን ጨረርን የሚያሰላ ካርድ ከሌለ አይሠሩም። ደንበኛው እነዚህን መጫወት ከፈለገ 1060 ካርዱ ሊለወጥ የግድ ነው፤ እግር ኳስ ጌም ብቻ የሚጫወት ከሆነ ግን ገና ሊያገለግለው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር ይዘሃል?» ሳይሆን «ምን ትጫወታለህ?» ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ። «ደንበኛው ካርድ ጠየቀ፥ ካርድ ሸጥን፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በምክር አይደለም» ይላሉ። አባባሉ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ የኪራዩና የቀረጡ ሸክም ቀላል አለመሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሂሳቡ በሙሉ መታሰብ አለበት። ተመልሶ የመጣ ካርድ ማሸጊያው የተከፈተ ስለ ሆነ በአዲስ ዋጋ አይሸጥም፤ በክርክር የጠፋው ግማሽ ቀን አይመለስም፤ ዐሥር ኮምፒዩተር ያለው የጌም ቤት ባለቤት አንድ ጊዜ ከተታለለ የቀሩትን ዘጠኙን የሚያሳድሰው ሌላ መደብር ሄዶ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደ ተባለው፥ በአንድ ቀን የተገኘው ትርፍ በዓመቱ መጨረሻ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። ምክሩም ቢሆን በነጻ ይሰጥ የሚል የለም፤ መጠነኛ የምርመራ ዋጋ አስከፍሎ ደንበኛው ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው ላይ መቀነስ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ መንገድ ነው።

አስመጪዎችም የሚጠበቅባቸው አለ። በሣጥን ሣጥን የሚመጣው ውድ ካርድ ብቻ ከሆነ ባለ ሱቁ ከዚያ ሌላ የሚሸጠው አይኖረውም። የኤ.ኤም. 4 ፕሮሰሰሮች፥ የሳታ ኤስ.ኤስ.ዲ.፥ ነጠላ ዲ.ዲ.አር. 4 ራም፥ ስሙ የታወቀ መካከለኛ ፓወር ሰፕላይና ቴርማል ፔስት በዋጋቸው ዝቅ ያሉ፥ በፈላጊያቸው ግን የበዙ ዕቃዎች ስለ ሆኑ ከእያንዳንዱ ጭነት ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል። በፋክቱሩም ላይ «ግራፊክስ ካርድ» ተብሎ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ሙሉ ስሙ፥ የማስታወሻው መጠንና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ ሊገለጥ ያስፈልጋል። ይህ ሲሆን ባለ ሱቁ የገዛውን ያውቃል፤ ደንበኛውም የከፈለበትን ያውቃል፤ ክርክርም ሲነሣ ዳኛው ወረቀቱ ይሆናል።

በመጨረሻም፥ ማደስ የማያዋጣበት ጊዜ መኖሩን በግልጽ መናገር የሻጭ ግዴታ ነው። የሚለወጡት ክፍሎች ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ደኅና አዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ እኩሌታ በላይ ሲደርስ፥ ለደንበኛው «ይህን አታድስ፤ ገንዘብህን ጨምረህ ቆይተህ አዲስ ግዛ» ማለት ይገባል። በዚያን ቀን ሽያጭ ይቀር ይሆናል፤ ሰውየው ግን ገንዘቡ የሞላለት ቀን ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱ የ2017 ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘው ሁለት ዓይነት መልስ እንዳገኙ ሁሉ፥ እያንዳንዱ ደንበኛም ለራሱ የሚሆነውን መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ኬዙን ሳይከፍት ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ዕቃውን ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛውን የሚያተርፈው ግን ከፍቶ የመረመረው ነው።